ማስተካከያ፦ ምርጥ ምድጃ ጭስ አያጠፋም

ባለፈው ሳምንት «ምርጥ» ስለሚባለው ምድጃ ስጽፍ «ሴቶቻችንን ከእንጨት ለቀማም ከጭስም ገላገላቸው» ብዬ ነበር። ማገዶ መቆጠቡ እውነት ነው። ጭሱ ላይ ግን ተሳስቻለሁ።

ምድጃው በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ነው። በጋገራ ሙከራዎች እንደታየው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ እሳቱም የተከለለ ስለሆነ የጋጋሪዋን እግር እንደ ድሮው አይለበልብም። ጭሱም ያንሳል። ግን የቀረው ከኋላ፣ ወጥ በሚጣድበት በኩል ይወጣና ጭስ ማውጫ ከሌለ እዚያው ማድቤት ውስጥ ይትጎለጎላል።

ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በ2020 እ.ኤ.አ. ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። ምጣዱ ፊት ቁጭ የምትለው ማን እንደሆነች ደግሞ መቼም አይጠፋንም።

ስለዚህ እኔን አምናችሁ በርና መስኮት ዘግታችሁ መጋገር የጀመራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ክፈቱት። ሕፃን አዝሎ መጋገሩም ይቅር።

ሌላም አለ፤ «ላቀች»ንም ከዚሁ ጋር ደባልቄዋለሁ። ላቀች የከሰል ምድጃ ነው፣ ለወጥና ለቡና እንጂ እንጀራ አይጋገርበትም። ከሰል ጭሱ ባይታይም በተዘጋ ቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዙ ይገድላል። የድሮውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ፤ ያጋራችሁት ሰዎች ይህንንም አጋሩልኝ።