በሰው ወርቅ አይደምቁ

ወገኖቼ፣ የምናገረው ነገር ብዙዎቻችንን ይጎረብጣል፤ ግን እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። የሌለንን ገንዘብ አውጥተን፣ ነገ የማይሠራ ዕቃ ገዝተን፣ «ይህ ሰው ደረሰ» እንድንባል ደፋ ቀና ማለት ልማድ ሆኖብናል።

ከወርቁ ልጀምር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያውን የእጅ ሰዓቱን ሲያወጣ አንደኛው ዓይነት ቀፎው ባለ 18 ካራት ወርቅ ነበር፤ ዋጋው ከ10,000 እስከ 17,000 ዶላር። የአሉሚኒየሙ ከ349 ዶላር ጀምሮ ይሸጥ ነበር። ቀፎውን ከፍታችሁ ብታዩ ግን የሁለቱም ቺፕ ያው ነው፣ ሶፍትዌሩም ያው። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ሶፍትዌር ሲወጣ ባለ ወርቁም ባለ አሉሚኒየሙም እኩል ሳይደርሳቸው ቀሩ። ሦስት ዓመት! በእጅ የሚሞላ ጥሩ ሰዓት ሰዓት ሠሪ ከፍቶ እየጠገነው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ያንን የወርቅ ሰዓት የሚወርስ ልጅ የሚያገኘው ቀፎውን ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሪቮልቭ የሚባል፣ የቤትን መብራትና ሌላውን ዕቃ ሁሉ በአንድ ላይ የሚያዝ መሣሪያ ነበር፤ ሰዎች 300 ዶላር ገደማ ከፍለው ገዝተውታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔስት የሚባል ሌላ ድርጅት የሪቮልቭን ኩባንያ ገዛው፤ በ2016 ደግሞ መሣሪያው የሚሠራበት የኢንተርኔት አገልግሎት ተዘጋ። ዕቃውን የሰበረው የለም፣ የሰረቀውም የለም። በየሰው ቤት መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ከሩቅ ተገደለ። ልብ በሉ፦ የከፈለው ሰው ባለቤት አልነበረም።

«በሰው ወርቅ አይደምቁ» ይባላል። ድሮ የሚባለው ተውሶ ላጌጠ ሰው ነበር። እኛ ግን የገዛ ቤታችን ውስጥ ተቀምጠን በሰው ወርቅ እየደመቅን ነው። ገንዘቡ የአበዳሪ ነው፤ ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር በሠሪው እጅ ነው፤ ለእኛ የቀረው በየወሩ የሚቆረጠው ክፍያ ነው። ደህና የሚሠራ ባለ 4ኬ ቴሌቪዥን አውርደን ምስሉ ከእርሱ የበለጠ ጥርት ይላል በሚባለው በ8ኬ ለመተካት ስንበደር ማንም አያስቆመንም። ከሶፋ ላይ ሆኖ በ65 ኢንች ስክሪን 4ኬን ከ8ኬ መለየት ለአብዛኛው ሰው ዓይን ከባድ መሆኑን ሻጩ አይነግረንም፤ እኛም አንጠይቅም።

ጥበቡን አልነቅፍም። ኤልጂ ስክሪኑ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ የሚገባ ቴሌቪዥን ሲሠራ የመሐንዲሶቹ ችሎታ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 በደቡብ ኮሪያ ሲሸጥ ዋጋው 100 ሚሊዮን ዎን ነበር። ተርፎት የሚገዛ ይግዛ። የምገሥጸው ያንን አይቶ ቤቱ ያነሰበትን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ እያሳደረ ለስክሪን የሚከፍለውን ነው። እርሱም አንተ ነህ፣ አንቺም ነሽ፣ እኔም ከመካከላችሁ ነኝ።

«ገጠመኝ» እየተባለ የሚሸጠውስ? ማንም ያላየውን አየሁ ለማለት ስንቱ ይከፍላል! እ.ኤ.አ. በ2023 ታይታን የተባለችው ሰርጓጅ ወደ ታይታኒክ ስብርባሪ ስትወርድ ተጨፍልቃ አምስት ሰዎች አለቁ። የአንድ ሰው ክፍያ 250,000 ዶላር ነበር። ሰርጓጇ በገለልተኛ መርማሪ ተፈትሻ ደኅንነቷ የተመሰከረላት አልነበረችም። ውድ የሆነ ነገር ሁሉ የተፈተሸ ይመስለናል፤ ዋጋውን እንደ ምስክር ወረቀት እንቆጥረዋለን።

የምንጥለውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጣ፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩቡ በታች ነው።

ስለዚህ ተዉ ወገኖቼ፣ ከመግዛታችን በፊት እንጠይቅ። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ሶፍትዌሩ እስከ መቼ ይታደሳል? ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ያስተማረኝ የአንድ ወዳጄ ቤት ነው። ቤቱን ሲያሳድስ የግድግዳውን ማብሪያና ማጥፊያ በሙሉ አስነቅሎ መብራቱን በስልክና በድምፅ ብቻ እንዲታዘዝ አደረገው። እናቱ ሊጠይቁት መጥተው አደሩ። ሌሊት ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ማለዳ ሲነሳ እናቱን ሳሎን ውስጥ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው አገኛቸው፤ ለውኃ ተነሥተው መመለሻው ጠፍቷቸው ነው ያደሩት። «ሥራ አለበት፣ ልጄን አልቀሰቅሰውም ብዬ ነው» አሉት። አዲስ በተቀባው ነጭ ግድግዳ ላይ፣ ድሮ ማብሪያው በነበረበት ቁመት፣ የጣቶቻቸው ዱካ ከበር እስከ በር ተሰምሮ ነበር። በዚያው ሳምንት ማብሪያዎቹን መልሶ አስተከለ።