በአምስት ብሎን የተነሣ ክርክር

ባለፈው ቅዳሜ የጅማ ዝናብ እንደ ልማዱ ድንገት ወረደና አዌቱ ወንዝ አጠገብ ባለች አንዲት ቡና ቤት አራት ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰበሰበን። አንደኛው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጊታር የታቀፈ ወጣት ነው። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ገንዘብ አጠራቅሞ ከገዛው ሳምንት አልሞላውም። ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀው ጣቱን ስላሳመሙት ዝቅ ሊያደርጋቸው ቢሞክር ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ የሚያርፉበት ገላው ላይ ያለው ብረት፣ አልታዘዝ አለው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ጊታሩ የተሠራው የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ባወጣው፣ ስትራቶካስተር በሚባለው ጊታር አምሳል ነው። ስድስቱ ክሮች ብሪጁ ላይ የየራሳቸው ትንሽ የብረት ኮርቻ አላቸው። አንዱን ኮርቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ በጠቅላላው 12፣ ራስ አልባና ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጡ። ከኋላ ደግሞ ሞላ የለበሰ ረጅም ብሎን ኮርቻውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየሳበ ቅኝቱን ያስተካክላል። ከ12ቱ ትናንሽ ብሎኖች አምስቱ ዝገው ደርቀዋል።

«ይህ ምን ያነጋግራል?» አለ የሕንጻ መሣሪያ የሚሸጠው ወዳጃችን፤ ቡናውን ሳያጣጥም በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ። «ትራፓኖ ይምጣ፣ ይበሳ፣ አለቀ።»

ጋሼ ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። በወጣትነታቸው በሆቴል ባንድ ጊታር ይጫወቱ ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞረው «በምን ሞከርከው ልጄ?» ብለው ጠየቁት።

ወጣቱ ከኪሱ አንዲት ባለ ስድስት ጎን መክፈቻ አወጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩዋት። ይህች የአሜሪካኖቹ ልክ ናት፣ 1.27 ሚሊሜትር፤ ያንተ ጊታር ግን የሩቅ ምሥራቅ ሥራ ስለሆነ 1.5 የሚፈልግ ይመስለኛል አሉት። ጠባብ መክፈቻ በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ሲሽከረከር ጥጉን ልጦ ክብ ያደርገዋል፤ ቀዳዳው አንዴ ክብ ከሆነ መያዣ የለውም። ልጁ ሁለቱን ብሎኖች ቀድሞ ልጧቸዋል። እኔ በበኩሌ ክርክሩ እዚህ ላይ አብቅቷል ብዬ ነበር፤ ዕቃውን የሚያውቀው ማን እንደሆነ ግልጽ ነዋ።

ሻጩ ግን ያሸነፈ የሚመስለው ድምፁን ሲያሰማ ነው። ጋሼ ብሎኖቹ ዘይት ውስጥ ለቀናት ይቆዩ ሲሉ ጮኸ። «ለአምስት ብሎን ሦስት ቀን ይጠበቃል እንዴ? ጊዜ ገንዘብ ነው! ብሪጁ እንዳለ ተነቅሎ ይጣል፤ ከአዲስ አበባ አዲስ ይመጣል።» የሚመጣው በልኩ ይሁን አይሁን አልጠየቀም። የብሪጅ ማሰሪያ ቀዳዳዎች ርቀት እንደ ሠሪው ይለያያል፤ ልኩ ካልገጠመ እንጨቱን እንደገና መብሳት ሊመጣ ነው። ትራፓኖውማ ከዚህም የከፋ ነው። ክሮቹ ሥር ያሉት፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ፒክአፖች ማግኔት አላቸው፤ የሚረግፈውን የብረት ብናኝ ሁሉ ስበው ያስቀሩታል። ጋሼ ይህን ሲያስረዱት ሰውየው ስልኩን ይነካካ ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ ደግመው፣ ለእርሱ ሳይሆን ለወጣቱ።

መላቸው እንዲህ ነው። ክሮቹ ይፈታሉ፤ ፒክአፑ በጨርቅ ይሸፈናል። ከኋላ ያለው ረጅሙ ብሎን ጤነኛ ከሆነ ይፈታና ኮርቻው ብቻውን ይወጣል። ከዚያ ዘይት ውስጥ ያድራል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትን የጥፍር ቀለም ከሚያስለቅቀው ከአሴቶን ጋር የሚቀላቅሉ አሉ፤ ዘልቆ በመግባት ይታወቃል፣ ግን አሴቶን ቀለም ስለሚበላ የጊታሩ ገላ አጠገብ አይደርስም። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ብሎኑን በጥርሱ ውስጥ ያጣበቀው ይኸው ነው። ዘይቱ ካልበቃው ሬዲዮ ጠጋኝ ሽቦ የሚበይድበት የጋለ ብረት ብሎኑን ለጥቂት ጊዜ ይነካዋል፤ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ የዝገቱ ንክሻም ይላላል። መጀመሪያ በጥቂቱ ማጥበቅ፣ ቀጥሎ ማላላት፤ ደግሞ ማጥበቅ፣ ደግሞ ማላላት።

ወጣቱ እዚያው የደረቁት ብሎኖች ያሉባቸውን ኮርቻዎች ፈታ። የቡና ቤቷ ባለቤት የለስላሳ ቆርኪ ሰጠችን፤ ጎረቤት ካለው ጋራዥ ዘይት ለመንን። ኮርቻዎቹ ቆርኪው ውስጥ ሲገቡ ከብሎኖቹ ሥር ቀጫጭን የአየር አረፋ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ዘይቱ ዳር ዳሩን የሻይ መልክ ያዘ። ጋሼ ጎንበስ ብለው እያዩ «ይኸው፣ እየገባ ነው» አሉ። የፊታቸውን ደስታ አልረሳውም። ይህን ጊታር ያዛገው ያለፈው ባለቤት የእጅ ላብና የዚህች ከተማ እርጥበት ነው፤ ተጫውቶ በደረቅ ጨርቅ ቢወለውለው ኖሮ እዚህ ባልደረሰ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእርሱም ነው።

ሻጩ ዝናቡ ሳያባራ ተነሥቶ ሄደ። እኔ ግን ንግግሩ ሲከነክነኝ ቀረ፤ የእርሱ ብቻ አይደለምና። የሚጠግን ሰው ማክበር መቼ ነው የተማርነው? ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ ብለን ሰደብን፣ ቡዳ ነው ብለን ልጃችንን ከለከልነው፣ ማረሻችንን ግን ከእጁ ተቀበልን። ዛሬ ስድቡን ትተናል እንላለን፤ ንቀቱ ግን «ጣለውና ሌላ ግዛ» በሚል ቃል ተመልሶ መጥቷል። ጅማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ በርጩማ አገር ናት፤ አባቶቻችን የተቀመጡበትን ልጆቻቸው ይቀመጡበታል። አሁን በየደጁ የተደረደረው እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንጨት በእጅ የተጠረበ ነው፤ ያን የጠረበ ሰው ሲሠራ «ቶሎ በል» ያለው ያለ አይመስለኝም። የአንድን ዕቃ ሆድ ዕቃ ሳያውቅ ዋጋውን ብቻ የሚያውቅ ትውልድ እያሳደግን ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ሰኞ ማታ ወጣቱ ተመልሶ መጣ፤ 1.5 መክፈቻም አግኝቷል። ጋሼ ኮርቻውን በፒንሳ በጨርቅ ይዘው አጠበቁ፣ አላሉ፣ አጠበቁ፣ አላሉ። አንድ ጊዜ «ጢቅ» የሚል ድምፅ ተሰማና ብሎኑ ዞረ። ወጣቱ ትንፋሹን ለቀቀ። በዚያ ምሽት አራቱ ወጡ። አምስተኛው፣ ከተላጡት አንዱ፣ አሁንም ቆርኪው ውስጥ ነው፤ የቡና ቤቷ ባለቤት ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ማንም እንዳይነካው ትጠብቀዋለች።