በግዴታ የሚባል የታማኝነት ቃል

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ለሰንደቅ ዓላማውና ሰንደቅ ዓላማው ለሚወክላት ሪፐብሊክ ታማኝ እንደሚሆኑ ቃል ይገባሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በዚህ ጉዳይ ለልጆቻቸው የሚሰጡት ምክር «የሚሉህን በል፤ አርፈህ ተማር» የሚል ነው። በሰው አገር የሚኖር ሰው ነገር እንዳይነሣበት መጠንቀቁን እረዳለሁ፤ ምክሩ ግን የአገሪቱን ሕግም፣ የቃሉንም ክብር የዘነጋ ነው።

ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1892 የጻፈው ፍራንሲስ ቤላሚ የተባለ የባፕቲስት ሰባኪ ነው። በ1940 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ እንዲሰጡ ማስገደድ ይችላሉ ብሎ በ8 ለ1 ድምፅ ወሰነ። ይህን ሥርዓት እምነታቸው የማይፈቅድላቸው የይሖዋ ምሥክሮች ልጆች ከትምህርት ቤት ተባረሩ፤ በርካታ የእምነቱ ተከታዮችም በየቦታው ተደበደቡ። ያው ፍርድ ቤት በ1943፣ ያውም አገሪቱ በዓለም ጦርነት ውስጥ እያለች፣ ከዌስት ቨርጂኒያ በቀረበለት ክስ የራሱን ውሳኔ በ6 ለ3 ሻረ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሮበርት ጃክሰን በፖለቲካም ሆነ በሃይማኖት ሰው ምን ማመን እንዳለበት የመደንገግም ሆነ ዜጎች እምነታቸውን በቃል እንዲናገሩ የማስገደድ ሥልጣን ለማንም ባለሥልጣን እንዳልተሰጠ አስረዱ።

ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በደርግ ዘመን በየስብሰባው ግራ እጁን ጨብጦ መፈክር ሲያሰማ ያደገ ሰው፣ አፍና ልብ ሲለያዩ ምን እንደሚመስል አሳምሮ ያውቃል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የጮኸው ሁሉ አገሩን ይወድ እንዳልነበረ፣ ዝም ያለውም ጠላት እንዳልነበረ በዓይናችን አይተናል።

ልጆች ቃሉን አይበሉ ማለቴ አይደለም። ልጄ ትለዋለች፤ ነገር ግን አንድ ምሽት አብረን ተቀምጠን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ከመለስነው በኋላ፣ «ነፃነትና ፍትሕ ለሁሉም» የሚለውን ስትደርስበት ምን እያለች እንደሆነ አውቃ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ሕጉ ቃሉ በየቀኑ እንዲባል ያዛል፤ ሆኖም ተማሪው ወይም ወላጁ በሃይማኖት፣ በፍልስፍና ወይም በሌላ ምክንያት ከተቃወመ፣ ተማሪው ሌሎችን ሳይረብሽ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ዝም ማለት ይችላል። ልጅ ይህን መብቱን መምህር በተቆጣው ቀን ሳይሆን፣ አስቀድሞ ከእናት ከአባቱ ሊሰማው ይገባል።