የኋላው በር ይከፈት

ከሰሞኑ በደሴ በተካሄደ አንድ የነዋሪዎች ውይይት ላይ ከመድረክ የተሰጠ መልስ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የባለጉዳይ መስተንግዶውን ከምድር ቤት ወደ አንደኛ ፎቅ ያዛወረ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በተሽከርካሪ ወንበርና በክራንች የሚንቀሳቀሱ ተገልጋዮች እንዴት ይደርሱበታል ተብሎ ተጠየቀ። ኃላፊው «ደሴ ተዳፋት ከተማ ናት፤ መልክዓ ምድሩ አይፈቅድልንም። ደግሞም መምጣት ያልቻለ ሰው ወኪል መላክ ይችላል» ብለው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።

ከሁለቱ ምክንያቶች ይበልጥ ያናደደኝ የወኪሉ ነገር ነው። ውክልና የሚሰጥ ሰው ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ራሱ ቀርቦ መፈረም እንዳለበት ማንም ባለጉዳይ ያውቃል። ደረጃ መውጣት ያቃተውን ሰው ወክለህ ላክ ማለት፣ በመጀመሪያ ሄደህ የሌላ ቢሮ ደረጃ ውጣ ማለት ነው። የዐይነ ስውሩ ደግሞ ይብሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 የዐይነ ስውር ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። እርሱን ለመጠበቅ የተጻፈ ድንጋጌ ቢሆንም ሰውዬው በአካል እንዲቀርብ ያደርገዋል። ለፋይዳ መታወቂያ የሚፈለገውን የጣት አሻራና የዐይን ምስልስ የትኛው ወኪል ይሰጥለታል? አንድ ጎልማሳ ሰው የቤቱን ካርታ፣ የግብሩን ደረሰኝና የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ሁሉ ለሌላ ሰው ገልጦ እንዲኖር ለመፍረድ ለማንም ሥልጣን አልተሰጠም።

ወደ ተዳፋቱ ልምጣ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ መሆኗን ለእኛ ለነዋሪዎቿ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በየቀኑ በጉልበታችን የምናውቀው ነው። ነገር ግን ዳገት ላይ የተሠራ ሕንፃ ሜዳ ላይ የተሠራው የማያገኘው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ከታችኛው መንገድ ሲታይ አንደኛ ፎቅ የሆነው፣ ከላይኛው መንገድ ሲገቡበት ምድር ቤት ይሆናል። የደሴ ሰው ይህን ከማንም መሐንዲስ አልተማረም፤ በታችኛው በር ሱቁን ከፍቶ እየነገደ፣ በላይኛው በር ቤተሰቡን እያስገባና እያስወጣ የሚኖር ስንት ሰው አለ! ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ የቆመ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ እንዲህ ያለ መግቢያ እንዲኖረው አሳንሰር ወይም ረጅም መወጣጫ ያስፈልገዋል። ለደሴ ግን መሬቱ ራሱ ሠርቶ ሰጥቷታል። ኃላፊው እንቅፋት ብለው ያቀረቡልን ነገር መፍትሔው ራሱ ነው።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። ባለፈው ወር በክራንች የሚሄዱ ጎረቤቴን አጅቤ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ከፊት ለፊት ያሉት ደረጃዎች 24 ናቸው፤ የእጅ መደገፊያው ብረት መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ንጣፉ የሚያዳልጥ ሴራሚክ በመሆኑ የክራንቹ ጎማ ገና በሦስተኛው ደረጃ ላይ ሸርተት አለባቸው። ጥበቃው ደግ ልጅ ነው፤ «አባባ፣ ልዘልዎት» ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። ጎረቤቴ ልጅ አሳድገው፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሰው ናቸው። «አላህ ይስጥህ ልጄ፤ ግን በሰው ፊት አልታዘልም» ብለው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኔ ፋይሉን ይዤ ወጣሁ፤ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ «ባለቤቱ ራሳቸው መጥተው መፈረም አለባቸው» አለችኝ። ወኪል ይላኩ የሚለው መልስ የተሰጠው ይህን በሚለው መሥሪያ ቤት ስም ነው።

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት፣ ድሃና ሀብታም ሳይለይ ግብር ይበላበት ነበር የሚባለው አዳራሽ አይጠየፍ ተብሎ በሚጠራበት ከተማ፣ አንድ አዛውንት የገዛ ጉዳያቸውን በረንዳ ላይ ሆነው ሲጠብቁ ማየት ያሳፍራል።

እዚያው ፎቅ ላይ፣ በመተላለፊያው ጫፍ፣ ወደ ላይኛው መንገድ የሚወጣ የብረት በር አለ። በሩና መንገዱ የሚለያዩት በአራት ደረጃዎች ብቻ ነው። በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል፤ ምክንያቱን ስጠይቅ «ለጥበቃ አያመችም» ተባልኩ። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሳንቲሜትር ቢሆን የአራቱ ከፍታ 60 ሳንቲሜትር ነው። ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት በሚለው የተለመደ መለኪያ ከሰባት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መወጣጫ ይበቃል ማለት ነው። ጥቂት ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ የመደገፊያ ብረትና የአንድ ግንበኛ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። አሳንሰር ውድ መሆኑን፣ መብራት ሲጠፋም እንደሚቆም አልክድም። ነገር ግን አሳንሰር የጠየቀ ሰው የለም።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፣ የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ ለሚከብዳቸው ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ባዘዘ ጊዜ፣ ለሜዳና ለዳገት ብሎ አልለየም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል። የተቆለፈ በር ከመክፈት የቀለለ ምን ማመቻቸት አለ? ስማቸው በድምፅ ብቻ የሚጠራ መስማት የተሳናቸው ባለጉዳዮችና ተራቸው በሰሌዳ ቁጥር ብቻ የሚገለጽ ዐይነ ስውራን ጉዳይም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ዘልቆ እንደነበር አንረሳም። እግራቸውን ያጡ ወጣቶች በየሰፈራችን አሉ፤ መታወቂያ ያድሳሉ፣ ንግድ ፈቃድ ያወጣሉ፣ ልጅ ያስመዘግባሉ። ለእነዚህ ወጣቶች መልክዓ ምድሩ አይፈቅድም ብሎ መመለስ ድፍረት ነው።

የዚያ በር ቁልፍ ከጥበቃው ጠረጴዛ በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ። ጎረቤቴ ፋይላቸው ሳይፈረም ተመልሰዋል፤ በድጋሚ እንዲመጡም ተነግሯቸዋል። በሚመጡበት ቀን በላይኛው መንገድ በኩል እናመጣቸዋለን፤ በሩ ተከፍቶ እንዲጠብቃቸው ኃላፊውን በግልጽ እጠይቃለሁ።