አሊን በማኪያቶ የዘረሩት

የመሐመድ አሊ የቦክስ መዝገብ 56 ድልና 5 ሽንፈት ይላል። ያሸነፉት ፍሬዘር፣ ኖርተን፣ ስፒንክስ፣ ሆልምስና በርቢክ ናቸው። መዝገቡ ግን ጎዶሎ ነው። ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ማኪያቷቸው ሳይቀዘቅዝ፣ አሊን በየቀኑ የሚዘርሩትን የኛን ተንታኝ አልቆጠረም።

ለሳቸው ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም። «ከአሊ ድሎች ትልቁ የቱ ነው?» ሲባል ተራ ሰው አንዱን መርጦ ወሬውን ይቀጥላል። እሳቸው እንዲህ ያለ ስንፍና አያውቁም። ድሉ ሲጠራ ሰበቡ አብሮ ከች ይላል።

የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ሊስተንን እናንሳ። እ.ኤ.አ. 1964፣ ማያሚ ቢች። የ22 ዓመቱ ልጅ፣ ያኔ ገና ካሲየስ ክሌይ ሲባል፣ አቋማሪዎቹ 7 ለ 1 ፈርደውበት ሪንግ ገባ። ለሰባተኛው ዙር ደወል ሲደወል ያ አስፈሪ ሊስተን ከወንበሩ አልነሳም አለ። «ትከሻውን ታሞ ነው» አሉ ተንታኛችን። አምስተኛው ዙር ላይ እኮ አሊም ዓይኑ ተቃጥሎ፣ በቅጡ ሳያይ፣ እየሸሸ ነው የተረፈው ብንላቸው፣ «ታዲያ ሩጫ ከመቼ ወዲህ ነው ቦክስ የሆነው?» የ1965ቱን የመልስ ግጥሚያማ አታንሱባቸው። አንደኛው ዙር ላይ ነገሩን የጨረሰውን ቡጢ እሳቸው አላዩትም። እሳቸው ያላዩት ቡጢ ደግሞ አልተሰነዘረም።

ክሊቭላንድ ዊሊያምስ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልፈርድባቸውም። አሊ እንደዚያ ምሽት አምሮበት አያውቅም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ሂዩስተን፣ 1966፣ በሦስተኛው ዙር አለቀ። ዊሊያምስ ግን ከሁለት ዓመት በፊት በፖሊስ ጥይት ተመትቶ አንድ ኩላሊቱን አጥቷል። ይሄኛው ሰበብ አይደለም፣ እውነት ነው። ለዚህም ይመስለኛል ተንታኛችን ብዙ የማይቆዩበት።

ጥበባቸው የሚለየው ኪንሻሳ ላይ ነው። እኛ ጋ ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር፤ ጃንሆይ ከወረዱ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም፣ እዚህ የራሳችን ግርግር ነበረብን። ተጋጣሚው፣ የዓለም ሻምፒዮኑ ጆርጅ ፎርማን፣ 25 ዓመቱ ነው። 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40 ጊዜ አሸንፏል፤ 37ቱን በዝረራ። አሊን ያሸነፉትን ፍሬዘርንና ኖርተንን በሁለተኛው ዙር ነው የጨረሳቸው፤ ፍሬዘርን እንደውም ስድስት ጊዜ መሬት አንጥፎታል። አሊ 32 ሞልቶታል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ በዚያ ወበቅ፣ ገመዱን ተደግፎ ፊቱን ሸፈነና ሆዱን ለፎርማን ሰጠው። ፎርማን ደበደበ። እስኪዝል ደበደበ። ስምንተኛው ዙር ላይ ግራ፣ ቀኝ፤ ያ ግዙፍ ሰውዬ ዞሮ ወደቀ። ሲወድቅ አሊ ቀኝ እጁን ሊጨምርበት ቀስሮ ነበር። ተወው።

እኔ ይህን ሳይ አፌን እይዛለሁ። ተንታኛችን ገመዱን ያያሉ። «ገመዱ ላልቶ ነው!» ከዚያ ሙቀቱ። ከዚያ ዳኛው ቶሎ ቆጠረ። ከዚያ ውሃው ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። ፎርማን ራሱ እንዲህ እንዲህ ሲል ኖሮ ኋላ የአሊ ወዳጅ ሆኗል። እሳቸው ጋ ግን ዶሴው ዛሬም አልተዘጋም።

ባለፈው ገመዱ እንዴት እንደላላ በተግባር ሊያሳዩን ፈለጉ። የፕላስቲክ ወንበራቸውን በሁለት እግሩ አቁመው፣ ክርናቸውን ፊታቸው ላይ ደርድረው፣ ወደ ኋላ ለጠጥ አሉ። የወንበሩ እግር ሸርተት አለ። ማኪያቶው ከነብርጭቆው፣ እሳቸው ከነትንታኔያቸው መሬት። አስተናጋጇ «ውይ ጋሼ፣ ተጎዱ እንዴ?» እያለች ሮጠች። ስምንት ሳይቆጠር ተነስተው ሱሪያቸውን አራገፉ።

«ወንበሩ ላልቶ ነው» አሉ።

ማኒላን፣ የአሊንና የፍሬዘርን ሦስተኛ ግጥሚያ፣ በአንድ ትንፋሽ ጨረሷት። ሁለቱ ሰዎች 14 ዙር ሙሉ ሊገዳደሉ ደርሰው፣ አሰልጣኙ ኤዲ ፈች ዓይኑ ያበጠበትን ፍሬዘርን ለ15ኛው አትወጣም ብሎ አስቀረው። «ስለዚህ የተሸነፈው አሰልጣኙ ነው።»

ከመሃላችን የትንሹ ልጅ ትዕግሥት አለቀ። «እሺ ጋሼ፣ ትልቁ ድሉ ታዲያ የቱ ነው?»

ብዙ አሰቡበት። «በፈረንጆቹ የ1971ዱ። ኒው ዮርክ ላይ፣ ከፍሬዘር ጋር።»

«እሱን እኮ ተሸንፏል!»

«ቢሸነፍስ? 15ኛው ዙር ላይ ያን የመሰለ ግራ ቀምሶ ተነሳ እኮ! ሰበብ ያልወጣለት እሱ ብቻ ነው።»

ማንም አልተከራከራቸውም። የዕለቱ ጋባዥ እሳቸው ነበሩ።