«ቤዙን ቀንሰው!»

የባንዳችን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። ትናንት ልምምድ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ «ቤዙን ቀንሰው» ተባልኩ። ያለኝ ማን ነው? ኪቦርዲስታችን! ግራ እጁን እኔ ሰፈር፣ ወፍራሞቹ ድምፆች ላይ፣ አስገብቶ ሰዓቱን ሙሉ ሲያጉረመርም የነበረው ራሱ። የኔ ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ሄርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ነው። እዚያ ታች ሁለት ሰው ከተጋፋ ድምፁ ጭቃ ይሆናል። ጥፋተኛው ግን ሁሌም እኔ።

ጊታሪስቱ ደግሞ አለ። ቤቱ ብቻውን ሲጫወት ያማረለትን ወፍራም ድምፅ እንዳለ ይዞት ይመጣል። ታችኛውን ድምፅ ጨምሮ፣ መሃለኛውን ቆርጦ። እኔ መሃሉን ትንሽ ከፍ ሳደርግ «ድምፅህ ሻከረ» ይለኛል። ወንድሜ፣ ድራሙ ሲገባ የምሰማው እኮ በዚያ ሻካራ ድምፅ ነው!

የቀዳነውን በስልክ ሰምተው «ቤዙ የታለ?» የሚሉትን ተዉት። ያቺ ጥፍር የምታክል ስፒከር 41 ሄርዝ ከየት ታምጣ?

የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲሽን ቤዝ የተባለውን ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ያወጣው ኮንትራባስ (ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ቤዝ) ለመሸከም ስለሚከብድና ድምፁ በሌሎቹ ስለሚዋጥ ነበር አሉ። ይኸው ዛሬም አምፕሊፋየር ደረጃ ለደረጃ የምጎትተው እኔ ነኝ። ዘፋኛችን አንድ ማይክ በኪሱ ይዞ ያፏጫል።

በጣም ያበሸቀኝ ግን ያለፈው ሳምንት ነው። ዘፈኑ መሃል ኬብሌ ተነቀለ። ዘፋኙ ዞረ፣ ድራመሩ አፈጠጠ፣ ሁሉም ቀጥ አለ። መልሼ ስሰካው «አሁን ገና ዘፈን ሆነ!» ተባለ። ደቂቃ አልሞላም።

«ትንሽ ቀንሰው እስቲ።»