ያዙልን፣ ክቡር ገንዘብ ያዥ!

አራት ሆነን ሪዮ ዴ ጄኔሮ ለመሄድ ስንነሣ «ገንዘብ ያዥ እንምረጥ» ያልኩት እኔው ነኝ። አንዱን ጓደኛችንን መረጥነው፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቱ አልናቸው። ገንዘብ ያዥ ተባሉ፣ ያዙ። ሰሙንም ወርቁንም አንድ ላይ የፈጸመ እንዲህ ያለ ሹም አይቼ አላውቅም።

የመንገዱን ነገር አላበዛውም። እስከ ሳኦ ፓውሎ በአየር መንገዳችን በረርን። ከዚያ እስከ ሪዮ ያለውን 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ደግሞ በሌሊት አውቶቡስ ጨረስነው፤ ገንዘብ ያዣችን «ተኝተን ስለምናድር የአልጋም ተረፈ» አሉን። እግራችን እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ወረድን።

ሰኞ ማታ የሳምባ ሙዚቃ ለመስማት ፔድራ ዶ ሳል ሄድን። ትርጉሙ የጨው ድንጋይ ነው። ወደቡ አጠገብ ያለ፣ ደረጃ የተፈለፈለበት አለት ሲሆን በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ጨው ያራግፉበት ነበር። ጥቂት ራመድ ሲሉ ዩኔስኮ በ2017 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የቫሎንጎ ወደብ ፍርስራሽ አለ፤ በእርሱ በኩል ወደ 900,000 የሚገመቱ አፍሪካውያን ተሸጠው ገብተዋል። የሪዮ ሳምባ ያደገው በእነዚህ ሰዎች ልጆችና ባሂያ ከሚባለው ክፍለ ሀገር በመጡ እናቶች ጓሮ፣ በዚሁ ሰፈር ነው። ገንዘብ ያዣችን ታሪኩን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መግቢያው ነፃ መሆኑን ሲሰሙ ግን እንባው ወረደ።

ሙዚቀኞቹ አንድ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ ሕዝቡ ደግሞ እነርሱን ከቦ ይቆማል። መድረክ የለም፣ ትኬት የለም። ክቡን በሪዮ አነጋገር «ሆዳ» ይሉታል። እሳቸው ቃሉን እንደ ሰሙ «እራት አለው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ካቫኪኞ የምትባለው ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር ትንጫጫለች፣ ሱርዶ የሚባለው ትልቅ ከበሮ ከሥር ድም ይላል፣ ተቀባዩ ሕዝቡ ነው። ክቡር ገንዘብ ያዥም ግጥሙን ባያውቁት፣ ቋንቋውን ባያውቁት፣ ከሁሉ አስበልጠው ይቀበላሉ። በነፃ የሚገኝ ነገር ሲሆን ድምፃቸው እንዴት እንደሚያምር!

ከዚያ ባርኔጣው ዞረ።

ጥበብ ማለት እዚህ ላይ ነው። ባርኔጣው ሦስት ሰው ሲቀረው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ያጠብቁ ጀመር። የተጫሙት የባሕር ዳርቻ ነጠላ ጫማ ነበር። ባርኔጣው እስኪያልፍ ድረስ የሌለውን ክር ሁለት ጊዜ ቋጥረው ፈቱት። እንዲህ ዓይነት የእጅ ሙያ በትምህርት የሚገኝ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ዙር የመጣው በወረቀት ነው። ብራዚሎች ከ2020 ወዲህ ፒክስ የሚባል ማዕከላዊ ባንካቸው ያወጣው የስልክ መክፈያ አላቸው፤ ማንጎ ሻጩም ሙዚቀኛውም ባለ ነጠብጣብ ኮዱን ለጥፎ ይጠብቅሃል። ሰዉ ስልኩን ደግኖ ይከፍላል። የእኛም ሰው ስልካቸውን ደገኑ። ደስ ብሎኝ ጠጋ ብዬ ሳይ ኮዱን ፎቶ እያነሡት ነው። «ለትዝታ» አሉኝ። እውነት ለመናገር የአገሩ ባንክ ደብተር ለሌለው እንግዳ ፒክስ እንደ ልብ አይሠራም። ጥሬ ብርስ? በሁለት ጣታቸው ከደረት ኪሳቸው ብቅ አድርገው አሳዩኝ፦ እንደ ክታብ የታጠፈች የ100 ሬያል ኖት። «ዝርዝር የለኝማ!» በጀርባዋ ዓሣ ተሥሎባታል። ያቺ ዓሣ ጉዞውን በሙሉ ስትታይ ከርማ አንድም ውኃ ሳትነካ አዲስ አበባ ተመልሳለች።

እኔስ? እኔ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ስለነበር እጄ አልተፈታም።

ላፓ በሚባለው የዳንስ ሰፈር የተከፈለ ነገር የለም። ከነጩ የውኃ ድልድይ ሥር፣ የዳንስ ቤቶቹ በር ላይ ቆመን «ሙዚቃ ግድግዳ አያግደውም» እያሉ አጽናኑን። ከፖርቱጋልኛም የተማሩት አንዲት ቃል ናት፦ «ኦፕሲዮናው»፣ በውዴታ ማለት ነው። በደረሰኝ ግርጌ ያለው የአስተናጋጅ አሥር በመቶ በውዴታ መሆኑን የነገራቸውን ሰው እግዜር ይይለት።

እሁድ ግን ኮፓካባና፣ ቢፕ ቢፕ ገባን። ከ1968 ጀምሮ ያለች፣ ከአንድ ጎጆ የማትሰፋ ቡና ቤት ናት። ጎረቤት እንዳይረበሽ ማጨብጨብ ክልክል ነው፤ አድናቆትህን የምትገልጸው ጣትህን ቀጭ ቀጭ በማድረግ ነው። ቢራህን ራስህ ከማቀዝቀዣው ታወጣና ለሚመዘግበው ሰው ትናገራለህ። በቃ፣ ቤቱ በእምነት ነው የሚሠራው። ገንዘብ ያዣችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የበራውን ብርሃን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ዕለት። ዘጠኝ ጠጣን። ሲጠየቁ ስድስት ትዝ አላቸው። እኛን የአውቶቡሱን የውኃ ሒሳብ እስከ ሳንቲሙ ያካፈለን ሰው እንዲህ በአንድ ሌሊት የማስታወስ ችሎታው ሲደክም ማየት ያሳዝናል። የቀሩትን ሦስቱን አንዱ ጓደኛችን ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ከፈለ። እሳቸው ከውጭ ጣታቸውን ቀጭ አደረጉለት።

ዲሴምበር 2 የሳምባ ቀን ነው። ሙዚቀኞች በከተማው ባቡር ተሳፍረው፣ በየፉርጎው እየተጫወቱ እስከ ኦስዋልዶ ክሩዝ ሰፈር ይጓዛሉ፤ ትኬቱ ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ የማይበላሽ ምግብ ነው። ሰው ሩዝ ይዟል፣ ባቄላ ይዟል። ክቡር ገንዘብ ያዥ ሱቁን አስሰው ከመደርደሪያው የመጨረሻውን ርካሽ ነገር፣ ጨው ገዙ። ለካስ በዚያ አገር እንዲህ ባለ የምግብ መዋጮ ማስታወቂያ ላይ «ከጨው በቀር» የሚል መጻፍ የተለመደ ነው። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ቀድሞ ደርሶባቸዋል ማለት ነው።

አዲስ አበባ በገባን በሳምንቱ አዝማሪ ቤት ወሰዱን። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ «እጀ ሰፊው ጌታዬ» ሲላቸው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ «ቅረጹ እንጂ!» ብለው ባለ 200 ብር ኖት እያወጡ ግንባሩ ላይ ይለጥፉ ጀመር። አምስት ለጠፉ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ፣ እኛም ኮራንባቸው።

በማግስቱ ጠዋት በቴሌግራም ግሩፓችን መልእክት መጣ፦ «የትናንት የአዝማሪ ሽልማት፣ 1,000 ብር። ለአራት ሲካፈል 250፤ በቴሌብር ላኩልኝ።» ከሥሩ ደግሞ፦ «ዝርዝር የለኝም ማለት አይቻልም።»